በጀርመን ዩኒቨርሲቲ ለሚቀጠሩ

ክቡር አዘጋጅ፣

ጀርመን አገር በተመራማሪነት የሚቀጠሩ ወገኖች ከደመወዙ በፊት የውሉን ዘመን ይቁጠሩ። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ሕግ ጊዜያዊ ቅጥርን ከዶክትሬት በፊት 6፣ በኋላም 6 ዓመት (በሕክምና 9) ይፈቅዳል። ከዚያ ወዲያ በፕሮጀክት ገንዘብ ካልሆነ መቆየት ከባድ ነው፤ ከፕሮፌሰርነት በታች ያለው ቋሚ ቦታ ጥቂት ነውና። ለሰው ልፋት የማይመጥን አሠራር ነው።

ብዙዎችን የሚጎዳው ግን መዘንጋት ነው። ውሉ ሊያበቃ 3 ወር ሲቀረው ለሥራ ስምሪት ቢሮው ማሳወቅ ግዴታ ነው፤ የዘገየ የአንድ ሳምንት የሥራ አጥነት ክፍያ ያጣል። በስኮላርሺፕ ያለፈው ጊዜ የሥራ አጥነት መድን መዋጮ ስለማይከፈልበት ለዚህ ክፍያ አይታሰብም፤ ስለዚህ ምርጫ ካለ የሥራ ውል ይጠየቅ። ጠቅልሎ ወደ ኢትዮጵያ የሚመለስ የጡረታ መዋጮው 60 ወር ካልሞላ፣ የግዴታ መዋጮው ከቆመ 24 ወር ሲያልፍ፣ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ እየኖረ የራሱን ድርሻ ማስመለስ ይችላል፤ የአሠሪው ድርሻ ግን እዚያው ይቀራል።