ገንፎሽን ላልበላሁልሽ እህቴ

ቻንዲጋር፣ ህንድ፣ ጥር 7

እህት ዓለም፣

እንዴት ነሽ? ልጅቷስ እንዴት ናት? ይህን ደብዳቤ ስንት ጊዜ ጀምሬ እንደተውኩት ብነግርሽ ትስቂብኛለሽ። ግንቦት ላይ የላክሽልኝ የድምፅ መልእክት እስከ ዛሬ ስልኬ ላይ አለ። «አርግዣለሁ፤ ማንም ሳይሰማ ላንቺ ልንገርሽ» ያልሽበት። ያን ቀን ላብራቶሪ ነበርኩ። ማታ ረጋ ብዬ እደውልላታለሁ አልኩ። ማታው ሳምንት ሆነ፣ ሳምንቱ ወር። ከዚያ በኋላማ እፍረቱ ያዘኝ። ስልኬ ተበላሽቶ ነው ብዬ ልዋሽሽ ዳድቶኝ ነበር። ግን አንቺ ውሸቴን ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ታውቂዋለሽ።

መውለድሽን ኅዳር ላይ ከሰው ሰማሁ። እልል አላልኩልሽም፣ አራስ ቤትሽ ገብቼ ገንፎሽን አልበላሁልሽም። ይህ ሲቆጨኝ ይኖራል።

ከዚህ ዝምታ ያወጡኝ አከራዬ ናቸው። አንቲጂ ነው የምላቸው፤ እዚህ ትልቅ ሴት ሁሉ አንቲጂ ናት። ታኅሣሥ ላይ አንድ ማለዳ ስነሳ ቤቱን የተቆላ ዱቄትና የቅቤ ሽታ ሞልቶታል። ለጭኮ የሚቆላ ገብስ መሰለኝ። እውነቴን ነው፣ እንባዬ መጣ። ወጥ ቤት ስገባ አንቲጂ ትልቅ የብረት ድስት ፊት ቆመው ያማስላሉ። ልጃቸው ወልዳ ለእሷ የጎንድ ላዱ እየሠሩ ነበር። ላዱ ተድበልብሎ የሚሠራ ጣፋጭ ነው። እኛ ለአራስ ገንፎና አጥሚት እንደምንለው፣ የእነሱ ደግሞ ይኸው ነው። «እኔም ጓደኛዬ ወልዳለች» አልኳቸው። «ምን ላክሽላት?» አሉኝ። ዝም አልኩ። «ደወልሽላት?» ዝም። ማማሰያውን ድስቱ ላይ አስቀምጠው ያዩኝን አስተያየት እናትሽ ቢያዩት ይወዱት ነበር።

ላዱ ለአራስ ብቻ አይደለም። ብርድ ሲገባ ቤተሰቡ በሙሉ ጠዋት ጠዋት አንድ አንድ ከትኩስ ወተት ጋር ይበላል። የዚህን አገር ብርድ ደግሞ አታውቂውም። ታኅሣሥና ጥር ላይ ጭጋጉ ፀሐይ የማያሳይበት ቀን አለ። ቤቱ የተሠራው ለበጋው ቃጠሎ ስለሆነ ማሞቂያ የለውም፤ ወለሉ በረዶ ነው። ስለዚህ ሰውነትን ከውስጥ ማሞቅ ነው። በየአካባቢው የየራሳቸው አላቸው። ፑንጃቦች ቀይ ካሮት በወተት ለሰዓታት እያማሰሉ ሃልዋ ያደርጉታል። ቤንጋሎች በብርዱ ወራት ከቴምር ዛፍ ዓይነት የሚቀዳ ፈሳሽ አፍልተው አዲስ ጉር ያወጣሉ። ጉር ሳይጣራ የረጋ ቡናማ ስኳር ነው፤ እዚህ አንቲጂ ቤት ያለው የሸንኮራ አገዳው ነው።

ጎንድ ማለት ሙጫ ነው። አትሳቂ! ልጆች ሆነን ከግራር ላይ እየላጥን የምናኝከው ዓይነት ሙጫ። ጠጠር የሚመስለው ይህ ነገር የጋለ ጊ ውስጥ ሲጣል እንደ ፈንዲሻ ያብጣል። ጊ ቅመም ያልገባበት የተነጠረ ቅቤ ነው። ጎንዱ የሚጣለው ትንሽ ትንሽ ነው፣ ያውም መካከለኛ እሳት ላይ። እኔ በመጀመሪያው ሙከራዬ ቸኩዬ ሁሉንም አንዴ ገለበጥኩት። ላዩ ቀላ፣ ውስጡ ጥሬ ቀረ። ጥርሴ ላይ ተጣብቆ ግማሽ ቀን አብሮኝ ዋለ።

መጠኑን ልንገርሽ። ከነገለባው የተፈጨ የስንዴ ዱቄት 500 ግራም፣ ጊ 400 ግራም፣ ጉር 400 ግራም፣ ጎንድ 100 ግራም፣ አልሞንድና ካሹ ተደባልቆ 200 ግራም። ጎንዱ በጊው ተጠብሶ ይወጣና ይደቅቃል። አልሞንዱና ካሹውም ጠበስ ብሎ ይከታከታል። ከዚያ ዱቄቱ በቀረው ጊ በቀስታ ይቆላል። ሃያ፣ ሃያ አምስት ደቂቃ እጅሽ ሳያርፍ። ሽታው ይነግርሻል። ድስቱን ካወረድሽ በኋላ ደረቅ ዝንጅብል ሁለት የሾርባ ማንኪያ፣ ሂል፣ ትንሽ ገውዝ፣ ትንሽ ቁንዶ በርበሬ። አንቲጂ ለአራስ ሲሆን ነጭ አዝሙድ ይጨምራሉ። ጥምዝ የሚጨምሩም አሉ። የእኛን ቅመም ከረጢት የፈቱት ነው የሚመስልሽ!

ጉሩ የሚገባው ዱቄቱ በረድ ሲል ነው። ሁለተኛውን ዙር ያበላሸሁት እዚህ ጋ ነው። እሳት ላይ እያለ ጨመርኩት፣ ቀለጠ፣ ሲቀዘቅዝ ድንጋይ ሆነ። አንቲጂ አንዱን አንስተው ጠረጴዛውን አንኳኩበትና ከሳቁ ብዛት ተቀመጡ። በሦስተኛው ተሳካልኝ። ለብ እንዳለ በመዳፍ ይድበለበላል፤ ሠላሳ ያህል ወጣልኝ።

አንቲጂ ጎንዱ ወገብ ያጠናክራል፣ ዝንጅብሉ ብርድ ያወጣል፣ ነጭ አዝሙዱ ሆድ ያሳርፋል ይላሉ። አብሽ የገባበት ላዱም አላቸው፤ ጡት ያስግታል ይሉታል። የእኛ እናቶች ስለ አብሽ ከሚሉት ምን ለየው? እኔ ሐኪም አይደለሁም። የማውቀው አንድ ላዱ ከበላሁ እስከ ምሳ እንደማይርበኝ ነው። ቅቤና ስኳሩ ግን ቀላል አይደለም፤ በቀን አንድ ይበቃሻል።

ያለፈው ሰኞ ማታ ሎህሪ የሚሉት በዓል ነበር። ደመራ በይው። ሰፈሩ እሳት አንድዶ ሰሊጥና ኦቾሎኒ ይወረውርበታል። አዲስ የተወለደ ልጅ የመጀመሪያ ሎህሪ በተለይ ይከበራል። ድሮ ለወንድ ልጅ ነበር አሉ፤ አንቲጂ ግን ለሴት የልጅ ልጃቸው አነደዱ። ከዚያ አንድ እፍኝ ሰሊጥ አስያዙኝና «ይህ ደግሞ ለጓደኛሽ ልጅ» አሉኝ። ወረወርኩት። ስሟን እንኳ ስለማላውቅ «ለዚያች ልጅ» ብቻ አልኩ።

በማግስቱ ከፑኔ ከተማ የመጣች የክፍል ጓደኛዬ የሰሊጥና የጉር ላዱ ሰጠችኝ። እነሱ ዘንድ ያ ቀን በዓል ነው፤ ይህን ሲሰጡ «ሰሊጡን እንካችሁ፣ ጣፋጭ ጣፋጩን ተናገሩ» ይላሉ። ማታ ቁጭ ብዬ ይህን ጀመርኩልሽ።

አንድ አብሮኝ የሚማር ልጅ ለጥምቀት እየገባ ነው፣ ጣሳውን እሱ ያደርስልሻል። ቡና አፍይለት። አሥራ ሁለት ላዱ አለበት። ከነክዳኑ ደረቅ ቦታ ካስቀመጥሽው ወር ይቆያል። እናትሽ ረቡዕና ዓርብ ረስተው እንዳይቀምሱት፣ የፍስክ ነው። የልጅቷን ስም ጻፊልኝ።

ጣሳው ደግሞ የአንቲጂ ነው። ባዶውን እንዳትመልሺው፤ ጭኮ ምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ ማስረዳት አቅቶኛል።

እህትሽ