ያቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር አርሙልን

ለጤና ገጽ አዘጋጅ፣

ስኳርና እህል በመተው ካንሰርን በረሃብ ስለመግደል ያወጣችሁትን ጽሑፍ ደሴ ውስጥ ያላየው ሰው ያለ አይመስለኝም። ከፒያሳ እስከ ሰኞ ገበያ ከስልክ ስልክ ሲዞር ሰንብቷል። ብዙ የሚባልለት ነገር አለው፤ እኔ ግን ከመሃሉ አንዲት ዓረፍተ ነገር ይዣለሁ። ኦክስጅን እያለለት ስኳርን ወደ ላክቲክ አሲድ የሚለውጥ ጤነኛ የሰውነት ክፍል የለም፣ ይህን የሚያደርገው ካንሰር ብቻ ነው ብላችኋል።

ስህተት ነው። የዓይን ነርስ ስለሆንኩ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ኦቶ ዋርበርግን ጠቅሳችኋል። ጀርመናዊው ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ዕጢ ላይ ያየውን በትክክል ጽፋችኋል። ግን ያው ሰው፣ በዚያው ዘመን፣ ጤነኛ ሬቲናም እንደዚያው እንደሚያደርግ አይቷል። ሬቲና ማለት ከዓይናችን ጀርባ ብርሃን የሚቀበለው ስስ ሽፋን ነው። አንባቢዎቻችሁ ጽሑፋችሁን ያነበቡት በእሱ ነው! የበሽታ መከላከያ ሴሎቻችንም በፍጥነት ሲባዙ ይህንኑ መንገድ ይጠቀማሉ። የአንድን ሰው ሥራ ግማሹን አንብቦ ግማሹን መጣል ምን የሚሉት ዘገባ ነው?

ዝርዝር ነገር ናት፣ ምን ታመጣለች የሚል ይኖራል። ብዙ ታመጣለች። ይህን መንገድ በመላ ሰውነት ላይ ብትዘጉት የሚራበው ካንሰሩ ብቻ አይደለም። አዮዶአሴቴት የሚባል መንገዱን የሚዘጋ ኬሚካል በእንስሳት ላይ ተሞክሮ የዓይንን ብርሃን ተቀባይ ሴሎች ገድሏል። ተመራማሪዎቹን ከመቶ ዓመት በኋላም እንቅልፍ የነሳቸው ይኸው ነው፤ ካንሰሩን እየነኩ ጤነኛውን አለመንካት። እናንተ ይህን ጥያቄ በአንድ መስመር ሰረዛችሁት።

አሁን ወደ ቤቴ ልምጣ። አክስቴ የጡት ካንሰር ታማ ኬሞ ላይ ናት። ጽሑፋችሁን አንድ ጎረቤት ቡና ላይ ጮክ ብሎ አነበበላት። ከዚያን ቀን ጀምሮ እንጀራ እርም አለች። ጠያቂ ይዞላት የመጣውን ስኳርና ሙዝ ለሰፈር ልጆች አደለችው። "እቴቴ፣ ይቺን አጥሚት እንኳ ቅመሽ" ስላት፣ "ልጄ፣ እሱን ልቀልበው ነው እንዴ?" አለችኝ። እሱ ያለችው በሽታውን ነው። ቀሚሷ ሰፋት፣ ቀለበቷ ከጣቷ እየወለቀ አስቸገራት። ለኬሞ ስትቀርብ አቅሟ አልፈቀደም ተብሎ ቀጠሮዋ ተገፋ። ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው፤ አልደብቅም።

ሰው እህል ቢተው ግሉኮስ ከደሙ አይጠፋም። ጉበት ከሰውነት ጡንቻ እየወሰደ ይሠራዋል። ስለዚህ ቀድሞ የሚያልቀው የታማሚው ጡንቻ ነው፤ ዕጢው ድርሻውን መውሰዱን አይተውም። ስኳር በብዛት የሚወስደውን የሰውነት ክፍል አብርቶ የሚያሳየው ምርመራ፣ ፔት ስካን፣ ላይ ዕጢ ያበራል ብላችሁ ማስረጃ አድርጋችሁታል። አንጎልም ያበራል እኮ! አንጎልንም እናስርበው? ጣፋጭ መቀነስ ለጤና ይጠቅማል፣ በዚህ አልከራከርም። ኬሞ ላይ ያለችን ሴት እህል ማስተው ግን ሌላ ነገር ነው።

የስኳር በሽታ መድኃኒት የሆነው ሜትፎርሚን "ተስፋ" ተብሎ ቀርቧል። ስኳር የሌለባቸው ከ3,600 በላይ የጡት ካንሰር ታማሚዎች የተሳተፉበት ትልቅ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2022 ውጤቱን አውጥቷል። ከመደበኛው ሕክምና ጋር ሜትፎርሚን መጨመሩ የበሽታውን መመለስ አልቀነሰም። ይህን መጻፍ ምን ይከብዳል? ተስፋ ካሻችሁ እውነተኛው አለ። አይዲኤች በሚባል ጂን ላይ ለውጥ ላለባቸው ካንሰሮች፣ ከዚያ ጂን የሚሠራውን የተበላሸ ኢንዛይም ለይተው የሚመቱ መድኃኒቶች ወጥተዋል፤ አይቮሲደኒብ እ.ኤ.አ. በ2018 ለደም ካንሰር፣ ቮራሲደኒብ በ2024 ለአንጎል ዕጢ አሜሪካ ውስጥ ተፈቅደዋል። የሚሠሩት ጥፋቱን ለይተው ስለሚይዙ ነው። ከሰው ማዕድ ጋር ጠብ የላቸውም።

ከሁሉ በላይ ያበሳጨኝ ዓይንን ጨርሶ መተዋችሁ ነው። ርዕሳችሁ የሴል ጉልበት ከሆነ፣ በሴል ጉልበት እጥረት የሚታወሩ ሰዎች የት ገቡ? በዘር የሚመጣ ዳፍንት ላይ መጀመሪያ በጨለማ የምናይባቸው ሴሎች ይሞታሉ። ከዚያ በቀን የምናይባቸው ይከተላሉ፤ ለዚህ ከሚሰጡት ዋና ምክንያቶች አንዱ ግሉኮስ ስለሚያጥራቸው ነው የሚል ነው። ተመራማሪዎች እነዚህ ሴሎች ግሉኮስ በደንብ እንዲያገኙ መንገድ ይፈልጋሉ። ካንሰር ላይ የሚዘጋው በር ዓይን ላይ ይከፈታል ማለት ነው። ከእናት የሚወረሰውና በተለይ ወጣት ወንዶችን በድንገት የሚያሳውረው የሌበር በሽታም አለ። መነሻው የማይቶኮንድሪያ፣ የሴል ጉልበት ማመንጫው፣ ጉድለት ነው፤ አይዲቤኖን የሚባል መድኃኒት አውሮፓ እ.ኤ.አ. በ2015 ፈቅዳለታለች።

የሴል ጉልበት ችግር የፈረንጅ በሽታ ነው እንዳትሉኝ። ከኮምቦልቻ አንድ በጨርቅ ሥራ የሚተዳደር ልጅ ቀዩን ክር ከአረንጓዴው መለየት አቃተኝ ብሎ መጣ። በቀለም ነጠብጣቦች ውስጥ ቁጥር የተደበቀበትን የቀለም መመርመሪያ መጽሐፍ ስገልጥለት ገጾቹን አተኩሮ እያየ "ምንም ቁጥር የለውም" ይለኛል። የቲቢ መድኃኒት ላይ ነበር። ከአራቱ መድኃኒቶች አንዱ ኢታምቡቶል ነው። አልፎ አልፎ የዓይን ነርቭ ይጎዳል፤ ጉዳቱም በማይቶኮንድሪያ በኩል እንደሚመጣ ይታሰባል። ቶሎ ከተደረሰበትና ሐኪም ካቆመው ብዙ ጊዜ ዓይኑ ይመለሳል። ታማሚው በራሱ ፈቃድ ማቋረጥ ግን የለበትም፤ ቲቢው ይገድለዋል። ለወሎ አንባቢ ከዚህ የቀረበ የሴል ጉልበት ዜና አለ?

ስለ እኛ የምትጽፉት የዓይን ዘመቻ ሲኖር፣ ባለሥልጣን መጥቶ ፎቶ ሲነሳ ነው። ደሴ አፍንጫ ሥር በዓይን ሕክምና ስሙ የታወቀው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል አለ። አንድ ስልክ ደውላችሁ ብትጠይቁ ያቺ ዓረፍተ ነገር ባልወጣች።

እርማቱን ዋናው ጽሑፍ በወጣበት ቦታ፣ በዚያው የፊደል መጠን አውጡት። ኬሞ ላይ ያለ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር ምግብ እንዳይተው፣ የቲቢ መድኃኒት የሚወስድም ዕይታው ከደበዘዘ ወይም ቀለም ከተምታታበት ቶሎ ጤና ተቋም እንዲሄድ ጨምሩበት። እስከዚያ ድረስ ጽሑፉን ከገጻችሁ አንሱት።

የዓይን ነርስ፣ ከደሴ