አሞርዛተር ተቀይሮላት ስላልተነሣችው ዲኤክስ የቀረበ ቅሬታ

ጥቅምት 13 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለጋራዡ ባለቤት
ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ በመኪናዬ የኋላ ሞላ ላይ ስለተሠራው ሥራ፣ ስለከፈልሁት ገንዘብና ስላልተመለሱልኝ አሮጌ ዕቃዎች

ክቡር ሆይ፣

እ.ኤ.አ. በ1982 የተሠራችውን ኮሮላ ዲኤክሴን ወደ ጋራዥዎ ያመጣኋት ሰኔ አጋማሽ ላይ ነበር። ችግሯ ከሩቅ ይታያል። ባዶዋን ቆማ እንኳ ኋላዋ ወርዶ አሥር ኩንታል የጫነች ትመስል ነበር። ሁለት ሰው ከኋላ ሲቀመጥ በየጉብታው ማርሚታዋ መሬት ይልሳል፤ ጎማው ከላዩ የሚከድነውን ቆርቆሮ፣ የፓራፋንጎውን ጠርዝ ይፍቃል። ማታ ደግሞ ፊቷ ወደ ላይ ስለሚያይ መብራቷ ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ዓይን እየወጋ ብዙ ስድብ አትርፎልኛል።

ልብስ ሰፊ መሆኔን ያውቃሉ። አንገቴ ላይ ሜትር ሳላንጠለጥል የምወጣበት ቀን ስለሌለ፣ መኪናዋን ከማስረከቤ በፊት በመካኒክዎ ፊት ለካኋት። ከጎማው መሐል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ድረስ ከፊት 37፣ ከኋላ በግራ 33፣ በቀኝ 32 ሴንቲሜትር። ልጁ ሳቀብኝ። እኔ ግን ቁጥሩን ማስታወሻዬ ላይ አሰፈርሁት።

መካኒክዎ መኪናዋን ከኋላ ሁለት ጊዜ ጫን ጫን አድርጎ «አሞርዛተሩ ሞቷል፤ ሲቀየር ትነሣለች» አለኝ። አመንሁት። ለሁለት አዲስ አሞርዛተር 13,000 ብር፣ ለእጅ ዋጋ 2,500 ብር ከፈልሁ። ከግቢው ሳልወጣ ሜትሬን ዘረጋሁ፤ 33 እና 32። ንቅንቅ አላለችም። «ትንሽ ይሂዱባት፤ ቦታዋን ትይዛለች» ተባልሁና ሄድሁ። የወጡት አሮጌ አሞርዛተሮች ጠብታ ዘይት እንኳ ያላፈሰሱ ደረቅ እንደነበሩ በዓይኔ አይቻለሁ። በማግስቱ መጥቼ ስጠይቅ ቆራሌው ወስዷቸዋል ተባልሁ። ማን ፈቅዶለት?

እርስዎ በሙያው የኖሩ ሰው ነዎትና የሚከተለውን ከእኔ መስማት አይጠበቅብዎትም ነበር። መኪናን ተሸክሞ የሚያቆማት ሞላው ነው። የአሞርዛተር ሥራ የሞላውን መዝለል ማብረድ ብቻ ነው፤ ውስጡ ያለው ዘይት በጠባብ ቀዳዳ እየተሹለከለከ የንዝረቱን ጉልበት ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። በዲኤክስ ላይ ደግሞ ሁለቱ ለየብቻቸው የታሰሩ ስለሆኑ አንዱን ከሌላው ጋር ማምታታት አይቻልም። አሞርዛተሯ የሞተ መኪና ጉብታ ካለፈች በኋላ እንደ ጣና ታንኳ ስትዋልል ትቆያለች እንጂ በቆመችበት አትወርድም። በቆመችበት የምትወርደው ሞላዋ የደከመ ነው። የእኔዋ በቆመችበት የወረደች ነበረች፤ ይህም በሜትር ተለክቶ ተነግሯችኋል።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ ተመልሼ ስመጣ ራስዎ ተቀበሉኝ። «ሞላውን እናስተካክለዋለን» አሉኝ፤ 1,800 ብር ከፈልሁ፤ ለዚህኛው ደረሰኝ እንኳ አልተሰጠኝም። ስረከባት በግራ 36፣ በቀኝ 35 ገብታለች። ምን እንደተደረገላት ብጠይቅ «ተስተካክላለች» ከማለት ሌላ መልስ አላገኘሁም። ኮብልስቶኑ ላይ ስገባ እንደ ጋሪ ታንገጫግጨኝ ጀመር። ቢሆንም ቁመቷ ስለተመለሰ ዝም አልሁ።

መስከረም 28 ማታ ከወረታ ግማሽ ኩንታል የፎገራ ሩዝና አንድ ጥቅልል የደንብ ልብስ ጨርቅ ጭኜ እየተመለስሁ ሐሙሲትን አልፌ ጥቂት እንደሄድሁ ከኋላ የጥይት ያህል ድምፅ ተሰማ። ቀኝ ጎኗ ዘጭ አለ፤ ጎማው ከፓራፋንጎው ጋር ተጋጥሞ ላስቲክ ላስቲክ መሽተት ጀመረ። ሩዙንም ጨርቁንም ወደ ፊት ወንበር አዛውሬ እየተንፏቀቅሁ ገባሁ። አዲሱ የዓባይ ድልድይ በግንቦት 2016 ከተመረቀ ወዲህ ስንት ጊዜ ደስ እያለኝ አልፌበታለሁ። ያን ማታ ግን 380 ሜትሩ አላልቅ ብሎኝ ባጃጆች ከኋላዬ ጡሩምባ እየነፉ በእግረኛ እርምጃ ተሻገርሁት።

በማግስቱ ሽምብጥ ሰፈር ያሉ አንድ አዛውንት መካኒክ መኪናዋን በክሪክ አንሥተው ሞላውን ሲያወጡት የ«ማስተካከያው» ምሥጢር ተገለጠ። ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ቁራጭ በሞላው ጥቅልሎች መካከል ተወሽቆ በሽቦ ታስሯል፤ በግራም እንደዚያው። ስብራቱ ከቁራጩ ጫፍ አጠገብ ነው። ለምን እንደተሰበረ ስጠይቃቸው በራሴ ሙያ መለሱልኝ፦ «የቀሚስ ወገብ ላስቲክን ግማሹን እንዳይሳብ አድርገህ ብትሰፋው፣ የቀረው ግማሽ ምን ይሆናል?» ይበጠሳላ። ጎማው የተወሸቀባቸው ጥቅልሎች ታስረው ስለማይሠሩ መጨመቁ ሁሉ በተረፉት ላይ ይወድቃል። መኪናዋ ትነሣለች፣ ትደርቃለች፣ አንድ ቀን ደግሞ ትሰበራለች። እኔ ብቻዬን ነበርሁ፤ በዚያ መንገድ ላይ ልጆቼን ይዤ ቢሆን ኖሮ ይህ ደብዳቤ በዚህ ቋንቋ አይጻፍም ነበር።

እኔም ንጹሕ ነኝ አልልም። ለዓመታት የጨርቅ ጥቅልል እንደ ጭነት መኪና አሸክሜያታለሁ፤ ሞላዋን ያደከመው ዕድሜዋና የእኔ ጭነት እንጂ የእናንተ እጅ አይደለም። ቅሬታዬ ሞላው ስለደከመ አይደለም። ሞላው መድከሙ እየታየ አሞርዛተር ስለተሸጠልኝ፣ ቀጥሎም ጉድለቱ በጎማ ቁራጭ ስለተሸፈነብኝ ነው።

አዛውንቱ ከአዲስ አበባ ያስመጣኋቸውን ሁለት ሞላዎች በጥንድ ገጠሙ፤ አንዱ ብቻ ቢቀየር መኪናዋ ወደ አንድ ጎን ታዘነብላለች። ያለቁትን ቦኮላዎች፣ በየመጋጠሚያው ያሉትን የጎማ ቀለበቶችም ቀየሩ። ቡሎኖቹን ግን መኪናዋ በአራት ጎማዋ መሬት እስክትቆም ድረስ አላጠበቁም፤ በክሪክ ተንጠልጥላ ከጠበቁ ስትወርድ ቦኮላው እንደተጠመዘዘ ይቀርና ቶሎ ያልቃል አሉኝ። ሜትሬን ዘረጋሁ። በግራ 37፣ በቀኝ 36.5። ግማሽ ሴንቲሜትር በኮት ትከሻ ላይም አልፋለሁ።

የምጠይቀው ይህን ነው። የሁለቱ ጊዜ የእጅ ዋጋ 4,300 ብር ይመለስልኝ፤ ሳልፈቅድ የተወሰዱት ሁለት አሞርዛተሮችም ይመለሱ ወይም ዋጋቸው ይከፈለኝ። አዲሶቹ አሞርዛተሮች እየሠሩ ስለሆነ 13,000 ብሩን አልጠይቅም። የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃም ሆነ አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶታል፤ እኔ ያገኘሁት «ተስተካክላለች» የምትል አንዲት ቃል ናት። በ15 ቀን ውስጥ መልስ ካላገኘሁ ይህንኑ ደብዳቤ ለከተማው የንግድ ጽሕፈት ቤት አስገባለሁ።

ዓምና ለልጅዎ ሠርግ የሰፋሁልዎ ኮት ትከሻው ተጨማዶ ሲመልሱልኝ፣ ጥጥ ጠቅጥቄ ቀጥ አስመስዬ አልሰጠሁዎትም። ፈትቼ እንደገና ሰፋሁት፤ ለሁለተኛው ስፌትም ሳንቲም አልተቀበልሁም።

የተሰበረው ሞላ ጎማው እንደተወሸቀበት ሱቄ ውስጥ ከካውያው አጠገብ ተቀምጧል፤ መጥተው ይዩት። ባለፈው ሳምንት ለማሳጠር የላኩት ሱሪም አልቋል። ሲመጡ ይውሰዱት።

ከሠላምታ ጋር
ደንበኛዎ፣ ልብስ ሰፊው