ለኮምቦልቻው ወዳጄ፦ ስለ ላክኸው ፍላሽ

ደሴ፣ ፒያሳ

ለውድ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ቤተሰቡስ ደህና ነው? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ጽሕፈት ቤቴም ከነኮፒ ማሽኑ እዚያው ፒያሳ አለ። በመካከላችን ከሐረጎ ጠመዝማዛ በቀር ይህ ነው የሚባል ነገር ሳይኖር አምስት ዓመት ሙሉ መጠፋፋታችን ሁለታችንንም የሚያሳፍር ነው። ወቀሳውን ስንገናኝ እናወራርደዋለንና ዛሬ በሚኒባስ ሾፌር እጅ ስለላክኸው ፍላሽ ብቻ ልጻፍልህ።

ፍላሹን በጠቀለልህበት ወረቀት ላይ «ፋይሉ ተበላሽቷል፤ የአባቴ ታሪክ ጠፋ» ብለሃል። አብሽር፣ አልጠፋም። ለማተም እንዲመችህ ብለህ በስሙ መጨረሻ ያለውን፣ የወርድ ሰነድ መሆኑን የሚያሳየውን ዶክኤክስ አጥፍተህ ፒዲኤፍ ብለህበታል። ኮምፒውተሩ ፋይሉ ላይሠራ እንደሚችል አስጠንቅቆህ ነበር፤ መቼም አንተ ማስጠንቀቂያ አንብበህ አታውቅም።

ከመጨረሻው ነጥብ በኋላ የምትመጣዋ ኤክስቴንሽን፣ በአማርኛ ቅጥያ የምንላት፣ የፋይሉ ስም አካል እንጂ የይዘቱ አካል አይደለችም። ዊንዶውስ አንድን ፋይል ስትከፍት ውስጡን ገልጦ አይመረምርም፤ ቅጥያውን ያይና፣ ለዚያ ቅጥያ የትኛው ፕሮግራም እንደተመደበ ከራሱ መዝገብ ፈልጎ፣ ፋይሉን ለዚያ ፕሮግራም ያስረክባል። ያንተም ሰነድ ለፒዲኤፍ አንባቢው ተሰጠ፤ አንባቢው የማያውቀው ነገር ቢገጥመው «ተበላሽቷል» አለህ። ማሽላ የያዘ ጆንያ ላይ «ጤፍ» ብለህ ብትጽፍ ወፍጮ ቤቱ በጤፍ ወረፋ ያሰልፍልሃል እንጂ እህሉ አይለወጥም።

እንዴት እንዳወቅሁት ልንገርህ። ፋይሉን ኖትፓድ በሚባለው የተራ ጽሑፍ ፕሮግራም ከፈትሁት። ገጹ በማይነበብ ምልክት ተሞላ፤ መጀመሪያው ላይ ግን «ፒ» እና «ኬ» የሚባሉት ሁለት የላቲን ፊደላት ጎን ለጎን ቆመዋል። እነዚህ የዚፕን፣ ማለትም ብዙ ፋይሎችን አሳንሶ በአንድ የሚጠቀልለውን፣ አሠራር ያወጣው የፊል ካትዝ ስም መነሻ ፊደላት ሲሆኑ፣ ዚፕ ፋይሎች ዘወትር የሚጀምሩት በእነሱ ነው። ከኦፊስ 2007 ጀምሮ የመጣው ዶክኤክስም ውስጡ ዚፕ ነው። እውነተኛ ፒዲኤፍ ቢሆን ኖሮ በፐርሰንት ምልክትና «ፒዲኤፍ» በሚሉት ፊደላት ይጀምር ነበር። ቅጥያውን ወደ ነበረበት መለስሁና 42ቱም ገጽ ተከፈተ።

በዚህ አላበቃሁም። ቅጂ አውጥቼ ቅጥያውን ዚፕ አልሁት፤ ይህ የሚሠራው ውስጡ ቀድሞውንም ዚፕ ስለሆነ ብቻ ነው። ተከፈተና «ወርድ» የሚል ፎልደር፣ በእሱም ውስጥ «ሚዲያ» የሚል ሌላ ፎልደር አገኘሁ። አባትህ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ጋቢያቸውን ደርበው ቧንቧ ውሃ ሰፈር ካለው ቤታችሁ በር ላይ የተነሱት ፎቶ በሰነዱ ገጽ ላይ ከሚታየው ተለቅ ብሎ እዚያ ተቀምጧል። ለብቻው አውጥቼልሃለሁ።

ቅጥያ ባብዛኛው ሦስት ፊደል የሆነው ከጥንት በቀረ ልማድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የዊንዶውስ ቀዳሚ፣ ኤምኤስ ዶስ፣ ለፋይል ስም 8፣ ለቅጥያ 3 ቦታ ብቻ ነበረው፤ ነጥቧ ራሷ ዲስኩ ላይ አትጻፍም ነበር። ዊንዶውስ 95 ስሙን እስከ 255 ፊደል ቢያሰፋውም ልማዱ ግን እንዳለ ዘለቀ። ጄፒጂ እና ጄፒኢጂ አንድ ዓይነት ምስል ሆነው ሳለ ሁለት አጻጻፍ ያላቸው በዚህ የተነሳ ነው።

አሁን የምቆጣህ ነገር አለ። ፍላሹ ላይ «ፎቶዎች» የሚለው ፎልደር፣ ፎልደር አይደለም። ቅጥያው ኢኤክስኢ ነው፤ ማለትም የፎልደር ምስል የለበሰ ፕሮግራም፣ ባጭሩ ቫይረስ ነው። ዋናውን ፎልደር ደብቆ በስሙ ተቀምጦበታል። ዊንዶውስ የሚያውቃቸውን ቅጥያዎች ካልነገርኸው በቀር ስለሚደብቅ አንተ ስሙን ብቻ አይተህ ከፈትኸው። እ.ኤ.አ. በ2000 በኢሜይል ዓለምን ያዳረሰው የ«አይ ላቭ ዩ» ትል (ራሱን በራሱ የሚያሰራጭ ቫይረስ መሰል ፕሮግራም) የተጠቀመውም ይህንኑ ዘዴ ነው፦ ስሙ መጨረሻው የተራ ጽሑፍ ቅጥያ የሆነው ቲኤክስቲ ይመስላል፤ ከኋላው ግን ቪቢኤስ የሚል እውነተኛ የፕሮግራም ቅጥያ ተደብቆ ነበር። ኮምፒውተርህ ላይ አንድ ፎልደር ክፈትና ከላይ «ቪው» የሚለውን ከፍተህ «ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ» የሚለው ላይ ምልክት አድርግ፤ በዊንዶውስ 11 ከሆነ «ሾው» በሚለው ሥር ታገኘዋለህ። ቫይረሱን አጥፍቼ ፎቶዎቹን ከተደበቁበት አውጥቻለሁ፤ ኮምፒውተርህን ግን ሳታስመረምር ፍላሹን መልሰህ እንዳትሰካው።

የቀረኝ አንድ ፋይል ነው፤ ድሮ በተማሪነታችን የጻፍኸው፣ ቅጥያው ቲኤክስቲ የሆነው። ቅጥያው ትክክል ነው፣ ፋይሉም ይከፈታል፤ የሚታየው ግን የላቲን ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ነው። ዩኒኮድን፣ ማለትም ለየቋንቋው ፊደል የየራሱን ቁጥር የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ አሠራር፣ ሳንለምድ የምንጽፍባቸው የአማርኛ ፎንቶች (የፊደል ቅርጾች) ግዕዙን የሚያስቀምጡት በላቲን ፊደላት ቦታ ነበር። ቲኤክስቲ ደግሞ ፊደላቱን በተራ ያስቀምጣል እንጂ በየትኛው ፎንት እንደተጻፉ አይመዘግብም፤ ቅጥያውም ስለዚህ ምንም አይነግረኝም። ከእነዚያ ፎንቶች አንዱ በሆነው በፓወር ግዕዝ ሞክሬው አልተነበበም፤ ቪዥዋል ግዕዝን ነገ ከአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ እፈልጋለሁ። ያን ጊዜ በምን እንደጻፍኸው ካስታወስህ ደውልልኝ፤ ስልኬ አልተቀየረም።

ወንድምህ