ጉዳዩ፦ በጫሞ ሐይቅ የጀልባ መነሻ ሰዓት ላይ በድጋሚ የቀረበ ቅሬታ

ለአስጎብኚ ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

በጥር ወር ያደረግነውን የአርባ ምንጭ ጉዞ በተመለከተ የላካችሁልን መልስ ትናንት ደርሶናል። «የዱር እንስሳት በቀጠሮ የሚገኙ ስላልሆኑ ድርጅታችን ኃላፊነት አይወስድም» ይላል። ሦስት ጊዜ ተደውሎ፣ ሁለት ጊዜ ተጽፎ፣ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ሲባል ተከርሞ የተገኘው መልስ ይኸው ነው። በአዞዎቹ ላይ ቅሬታ የለንም። እነሱ እንደ ወትሯቸው በጠዋት ወጥተው ፀሐይ ሞቀዋል። ቅሬታችን በሰዓቱ ላይ ነው።

ክፍያው ከመፈጸሙ በፊት አንድ ነገር ብቻ ለይተን ጠይቀን ነበር፦ ለጀልባ ነጂው በሚላከው ወረቀት ላይ ሰዓቱ በአኃዝ ብቻ እንዳይጻፍ፣ «ከጠዋቱ» የሚለው እንዲጨመርበት። «በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፋል፣ አያስቡ» ተባልን። መልእክቱ አሁንም ስልካችን ላይ አለ። ለእኛ የደረሰው ማረጋገጫ «ከጠዋቱ 2 ሰዓት» ይላል። ለነጂው የሄደው ግን «8:00» ብቻ። የእናንተ ኮምፒውተር የሚቆጥረው በውጭ ሰዓት ነው፤ ጀልባ ነጂው የሚሠራው በአገሩ ሰዓት ነው። ወረቀቱን አይቶ ስምንት ሰዓት ላይ ለመምጣት ተዘጋጀ። በእሱ አንፈርድም፤ ያየውን አነበበ።

12 ሰዎች ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ45 ላይ ሐይቁ ዳር ነበሩ። ጀልባ የለም። ወደ ቢሯችሁ ሲደወል የተደረገውን ንግግር ቃል በቃል ብንጽፈው ይሻላል፣ ምክንያቱም በመልሳችሁ ውስጥ «አጭር አለመግባባት» ተብሏል።

«ወረቀቱ 8:00 ነው የሚለው። ጀልባውም በ8 ሰዓት ይመጣል» አለች ሠራተኛችሁ።
«በየትኛው አቆጣጠር?»
«በሰዓቱ ነዋ!»
ማረጋገጫው ከጠዋቱ 2 ሰዓት እንደሚል ተነበበላት። ጥቂት ዝም አለችና፣ «ሐይቁ እንደሆነ የትም አይሄድ። ምን ያስቸኩላችኋል?» ብላ ዘጋችው።

ሐይቁ የትም አይሄድም፣ ልክ ናት። አዞው ግን ይሄዳል። ኩልፎ ወንዝ ጫሞ ውስጥ በሚገባበት አካባቢ ያለው «የአዞ ገበያ» ገበያ የሚሆነው በጠዋት ነው። አዞ የገላውን ሙቀት ራሱ አያመነጭም፤ ከፀሐይ ይበደራል። ሌሊት የቀዘቀዘ ገላውን ለማሞቅ በጠዋት ዳር ይወጣል፣ ሲበቃው አፉን ከፍቶ ሙቀቱን ያስተነፍሳል፣ ቀትር ሲበረታ ወደ ውኃው ይመለሳል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ነፋስ ይነሳል፤ ማዕበሉ ትንሿን ጀልባ ያንገላታታል፣ ነጂው ወደ ዳር መጠጋት ይፈራል፣ በሚንቀጠቀጥ ውኃ ላይ የጉማሬ ጆሮና የአዞ ዓይን ከአረፋ አይለይም። በ8 ሰዓት የወጣው ጀልባ ያሳየን ሁለት የአዞ ጀርባና ብዙ ማዕበል ነው። «እንግዲያው አዞ እርባታው ሂዱ፣ አዞ አዞ ነው» የሚለውን ምክራችሁንም ተቀብለናል። በአባያ ሐይቅ በኩል ያለው እርባታ በግንብ አጥር ውስጥ ያሉ አዞዎችን ያሳያል። ማየቱ ክፋት የለውም፤ የተከፈለው ግን ለጫሞ ነው።

የሰዓቱ ስህተት አንድ ቀን ሙሉ አበላሽቷል። ጀልባው ወደ ከሰዓት ሲገፋ፣ ሁለቱን ሐይቆች ከከፍታ ላይ የሚያሳየው ጉብኝት ወደ ጠዋት ተዛወረ። ከዚያ ከፍታ የሚታየው ወደ ምሥራቅ ነው። ጠዋት ፀሐይዋ ፊት ለፊት ስለምትመጣ ሐይቆቹ እንደ ቆርቆሮ ያብረቀርቃሉ እንጂ ቀለማቸው አይለይም፣ በመካከላቸው ያለው የእግዜር ድልድይ የሚባለው መሬትም ጥቁር ጥላ ብቻ ነው። ከ10 ሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ከኋላ ስትሆን ነው የአባያ ቡናማ ቀይነትና የጫሞ ሰማያዊነት ጎን ለጎን የሚወጣው። ጠዋት ጫሞ፣ ማታ ከፍታው፤ ይህን ቅደም ተከተል አርባ ምንጭ ውስጥ የማያውቅ አስጎብኚ የለም። በነገራችን ላይ፣ በራሪ ወረቀታችሁ ላይ «ጫሞ» ተብሎ የታተመው ቡናማ ውኃ አባያ ነው።

ሌሎቹን ዝም ብለን ልናልፋቸው ነበር። አሁን ግን ይጻፉ። ለ12 ሰው 7 የመንሳፈፊያ ጃኬት ብቻ ነበር፣ ከ7ቱ የሁለቱ ማሰሪያ የተበጠሰ፤ አዞና ጉማሬ ባለበት ሐይቅ ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ለነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ የተላከው መኪና ሚኒባስ ነበር። ወደ ሜዳው የሚወስደው መንገድ ድንጋያማና ቁልቁለታማ ነው፣ ከፍ ያለ ፎር ዊል ካልሆነ አይወጣውም። ሾፌሩ የመጀመሪያው አቀበት ላይ አይቶ ተመለሰ፤ ደግ አደረገ። የሜዳ አህያ ሳናይ የከፈልነው መግቢያ ባክኖ ቀረ።

ስለዚህ የጀልባው ክፍያ በሙሉ፣ የነጭ ሳር መግቢያና የዚያ ቀን የመኪና ኪራይ እንዲመለስልን እንጠይቃለን። በመጀመሪያው ደብዳቤ የጠየቅነው የጀልባውን ግማሽ ብቻ እንደነበር እናስታውሳለን፤ የአዞ ትምህርት ከሰጣችሁን በኋላ ሐሳባችንን ቀይረናል። ለነጂዎች በምትልኩት ወረቀት ላይ ሰዓቱ «ከጠዋቱ»፣ «ከሰዓት በኋላ» ተብሎ በፊደል እንዲጻፍ፣ «ምን ያስቸኩላችኋል» ለተባለውም በጽሑፍ ይቅርታ እንዲጠየቅ እንፈልጋለን። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶታል። «8:00» በቂም ትክክለኛም አይደለም። መልስ ካጣን ጉዳዩን ለሸማቾች ጥበቃና ፈቃድ ለሰጣችሁ ቢሮ እናቀርባለን።

የሁለቱ ወረቀቶች ቅጂና የመልእክቱ ምስል ከዚህ ጋር ተያይዘዋል። መልሳችሁን በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ፣ በመጨረሻው ቀን እስከ 11 ሰዓት እንጠብቃለን። ከሰዓት በኋላ 11 ሰዓት፣ በአገራችን አቆጣጠር።

ከሰላምታ ጋር
የተጓዦቹ ቡድን አስተባባሪ