ሳትመልሱ አትዝጉት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። የምኖረው ደሴ ነው። ማታ ማታ ከሥራ ስመለስ ኦፕንስትሪትማፕ ላይ የከተማችንንና የአካባቢዋን መንገዶች እሥላለሁ። ይሄ ካርታ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጎ ፈቃደኞች የሚሠሩት ነው፤ ስልክ ላይ አውርደው ከያዙት ያለ ኢንተርኔትም ያገለግላል፣ ኔትወርክ ሲጠፋ ጥቅሙን እኛ ወሎዎች እናውቀዋለን። ስህተት ያየ ሰው ቦታው ላይ ማስታወሻ ይተዋል። ማስታወሻው ቀይ ምልክት ሆኖ ይታያል፣ ጉዳዩ ሲያልቅ አረንጓዴ ይሆናል።

የምጽፍላችሁ ስለዚህ ምልክት ነው።

ባለፈው ዓመት ሐይቅ አካባቢ አንድ መንገድ ከሳተላይት ፎቶ ብቻ አይቼ የመኪና መንገድ ብዬ ሣልኩት። አንድ ሰው «ይሄ የእግር መንገድ ነው፣ ጎርፍ ቆርጦታል፣ ያላያችሁትን ለምን ትሥላላችሁ?» ብሎ ጻፈ። በዚያው ማታ አስተካከልኩት፣ አረንጓዴ አድርጌም ዘጋሁት። አንድ ቃል ግን አልጻፍኩለትም። አነጋገሩ ከፍቶኝ ነበር።

ከወራት በኋላ ሰኞ ገበያ ለቅሶ ሄጄ፣ የቅሬው፣ ማለትም የእድሩ፣ ድንኳን ውስጥ ከአንድ የአይሱዙ ሾፌር ጋር ወሬ ጀመርን። ካርታውን ሳነሳበት «ኧረ እኔም አንዴ ጽፌላቸው ነበር፣ ማን ያየዋል ብለህ ነው» አለኝ። ስልኬን አውጥቼ ቦታውን አሳየሁት። መንገዱ የእግር መንገድ ሆኖ በነጠብጣብ ተሥሏል። በጣቱ እያሰፋ እያጠበበ ብዙ ቆየ። ከዚያ «እንዲያ ከሆነማ ሌላ ሦስት ቦታ አለ» አለ። ያን ሁሉ ወር ያውቃቸው ነበር። እኔ ዝም ስላልኩት እሱም ዝም አለ።

ይሄን ሳነሳ «ደሞዝ የለን፣ ማን ያስገድደናል» የሚሉ ጓደኞች አሉኝ። አልስማማም። ቅሬ ውስጥስ ማን ደሞዝ አለው? ድንኳን የሚተክለውም፣ ለቀብር የሚጠራውም በነፃ ነው። ግን አቤት ብሎ የመጣን ሰው የቅሬው ዳኛ ሳይሰማ አይሸኝም።

አሁን ማስታወሻ ሳይ መጀመሪያ «ደርሶኛል፣ ቅዳሜ ሄጄ አየዋለሁ» ብዬ እጽፋለሁ። ካስተካከልኩት ምን እንደተቀየረ፣ ካልተቀበልኩትም ለምን እንደሆነ እነግረዋለሁ። አማርኛውን በላቲን ፊደል ቢጽፈውም መልስ ያገኛል። የተቆጣውን ሰው ቁጣውን ትቼ ጉዳዩን እመልስለታለሁ፤ ብዙ ጊዜ የሚቆጣው መኪናው እዚያው መንገድ ላይ የቆመበት ሰው ነው። በሰፈር ስም ሽማግሌው አንድ፣ ወጣቱ ሌላ ካሉ ደግሞ ጠብ አያስፈልግም፣ ካርታው ዋና ስምና አማራጭ ስም ለየብቻ ይቀበላል።

ኮምቦልቻ፣ መርሳ፣ ወልዲያ ሆናችሁ የምትሥሉ ልጆች፣ እባካችሁ ሳትመልሱ አትዝጉ። ባጃጅ ነጂው መጻፍ ካልተመቸው መናኸሪያ ወርዳችሁ ጠይቁት፣ በቃል የነገራችሁን እናንተ ጻፉለት።

ከሦስቱ ቦታዎች ሁለቱን አስተካክዬ ለሾፌሩ በቴሌግራም ልኬለታለሁ። ሦስተኛው ድልድይ ነው። ውኃው ጎድሎ በዓይኔ እስካየው እንደማልነካው ነግሬዋለሁ። «እሺ፣ እጠብቃለሁ» ብሎኛል።

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ