አንድ መስመር ማለት «አለ» ማለት ነው

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ጋዜጣችሁን የማገኘው እንጀራ ከምገዛበት ሱቅ ነው። ባለፈው እትም አንድ አባት የጻፉትን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የዕፅ መመርመሪያ ወረቀት በነጻ ማደል ልጆቹን «በርቱ፣ ተጠቀሙ» እንደማለት ነው ብለዋል። ጋሼ፣ እርስዎን በአካል አላውቅዎትም። ከልብዎ እንደጻፉት ግን ያስታውቃል። እኔም ከጥቂት ዓመት በፊት ብጠየቅ የምለው ይህንኑ ነበር። ዛሬ አልልም። ምክንያቱን ልንገርዎት።

የወንድሜን ልጅ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ከአዲስ አበባ ወደዚህ ወደ አሜሪካ ሲመጣ 9 ዓመቱ ነበር። በ22 ዓመቱ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ሲያነሳ ወገቡን ተጎዳ። ሐኪም ያዘዘለት ክኒን አለቀ፣ ሕመሙ ግን አልለቀቀውም። በስልክ ከሚያውቀው ልጅ «ፐርኮሴት ነው» የተባለ ሰማያዊ የሕመም ማስታገሻ ክኒን ገዛ። መልኩም ላዩ ላይ ያለው ጽሑፍም ልክ እንደ ፋርማሲው ነበር አሉ። ውስጡ ግን ፈንታኒል ነው፤ በጥቂቱ የሚገድል በጣም ኃይለኛ ማደንዘዣ ዕፅ።

እኔ የምሠራው አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ፣ ሌሊት ነው። ያን ቀን ጠዋት ቤት ስገባ የስልኩ አላርም ይጮኻል። ይጮኻል፣ ማንም አያጠፋውም። ጫማዬን ሳላወልቅ በሩን ገፋሁት። ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

ለቅሶው ላይ «ልቡ ነው» ተባለ። ያልኩት እኔ ራሴ ነኝ። ሴቶቹ ንፍሮ እያዞሩ «አይ ልብ፣ ወጣቱን ሁሉ ጨረሰው» ይላሉ። ጓደኞቹ ጥግ ላይ ተኮልኩለው ቆመዋል። አንዳቸውም ቀና ብለው አያዩኝም። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ከእነሱ መሃል ያንኑ ክኒን ከዚያው ልጅ የሚገዛ ሊኖር ይችል ነበር። እኔ አፍ አውጥቼ እውነቱን ብናገር ይሰሙኝ ነበር። ገመናዬን ሸፈንኩ ብዬ የሰው ልጅ አደጋ ላይ ተውኩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እየተባልን ነው ያደግነው። ግን እንደብቃለን።

ከዓመት በኋላ የካውንቲያችን ጤና ቢሮ ባዘጋጀው ሥልጠና ላይ ተገኘሁ። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ጎትታ ነው የወሰደችኝ። ናርካን የሚባለው፣ እንደ ፈንታኒል ያለ ዕፅ ከልክ አልፎበት የወደቀን ሰው የሚያነቃው መድኃኒት እንዴት እንደሚሰጥ አሳዩን። ቀጥሎ ከትንሽ ማሸጊያ ውስጥ ቀጭን ወረቀት አወጡ። የፈንታኒል መመርመሪያ ናት። መጀመሪያ የተሠራችው ለሽንት ምርመራ ነው። አሁን ሰዎች ከመውሰዳቸው በፊት ዕፁን ራሱን ይመረምሩባታል። ወረቀቷን መያዝ እኛ ባለንበት በሜሪላንድም ሆነ በዋሽንግተን ዲሲ ወንጀል አይደለም። በነጻም ትሰጣለች። ሥልጠናው ሲያልቅ አንድ ሳጥን ይዤ ወጣሁ። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ብዙ አለቀስኩ። ልጄ ሲሞት ይህቺ ወረቀት ነበረች። ከቤታችን የ10 ደቂቃ መንገድ ላይ ነበረች።

ባለፈው ክረምት ሴት ልጄ አንድ የትምህርት ቤት ጓደኛዋን ይዛ ወደ ኩሽና ገባች። ልጁን ከሕፃንነቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ፈተና ደርሶበት እንቅልፍ አጥቷል። የሆነ ሰው «ዛናክስ ነው፣ የጭንቀት መድኃኒት» ብሎ ሦስት ክኒን ሸጦለታል። ልጄ የአጎቷን ልጅ ታሪክ ነግራው ነው ያመጣችው። መጮኽ አማረኝ። እናቱ ጋ ልደውል ስልኬን አነሳሁ። መልሼ አስቀመጥኩት። ዛሬ ከጮኽኩበት ነገ አይመጣም ብዬ አሰብኩ።

የማንጠቀምበት ሲኒ አወጣሁ። አንዱን ክኒን እንዳለ በማንኪያ ጀርባ ፈጨሁት። ቁራሽ ቆርሶ መመርመር አይበቃም፣ ፈንታኒሉ ክኒኑ ውስጥ እኩል አይሠራጭም። በደንብ ባልታሸ ሊጥ ውስጥ እንዳለ ጨው ነው። አንዱ ጥግ አልጫ፣ ሌላው ጥግ አይቀመስም። ውኃ ጨመርኩና በጠበጥኩት። ወረቀቷን 15 ሰከንድ ያህል ነከርኳት። ሶፍት ላይ አጋድሜያት 5 ደቂቃ ጠበቅን። ሦስታችንም የማይክሮዌቩን ሰዓት እያየን ቆመናል።

አንድ ቀይ መስመር ወጣ።

ልጁ «እፎይ! አንድ መስመር ነው፣ ኔጌቲቭ ነው እትዬ» አለ። የኮቪዱን ለምዶ ነው።

«አይደለም ልጄ» አልኩት። «በዚህችኛዋ አንድ መስመር ማለት አለ ማለት ነው። ሁለት ቢሆን ነበር አልተገኘም የሚባለው።»

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ፊቱ አመድ መሰለ። ማታውኑ ሁለቱን ክኒኖች ከቤቱ አምጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠ። በሳምንቱ ከእናቱ ጋር ሐኪም ጋ ሄደ። ይህንን ደብዳቤ ስጽፍ እሱም እናቱም ፈቅደውልኝ ነው።

ጋሼ፣ ይህ ልጅ ወረቀቷን ስላገኘ ዕፅ ጀመረ? ክኒኑ እኮ ቀድሞ ኪሱ ውስጥ ነበር። እኔ ዕፅ ጥሩ ነው አላልኩም። ልጆቻችን ባይነኩት ደስታዬ ነው። ግን ሊሞት የፈለገ ሰው አምስት ደቂቃ ቆሞ ወረቀት አይጠብቅም። የሚመረምር ልጅ መኖር የሚፈልግ ልጅ ነው።

ደግሞ ወረቀቷን ያለ ልኳ አላገንናትም። ፈንታኒል መኖሩን ትናገራለች፣ ምን ያህል እንደሆነ አትናገርም። ለመግደል ደግሞ 2 ሚሊግራም ሊበቃ ይችላል፤ ጥቂት የጨው ቅንጣት ማለት ነው። የፈንታኒል ዘመዶች፣ ማለትም እሱን የሚመስሉ ሌሎች ዕፆች አሉ፣ አንዳንዶቹን አትይዝም። ሁለት መስመር ወጣ ማለት «ይህ ክኒን ደህና ነው» ማለት አይደለም። ይህንን ያልነገርነው ልጅ ወረቀቷን ይዞም ሊሞት ይችላል።

ለዚህ ነው ከወረቀት ያለፈ ምርመራ የሚያስፈልገው። ይህም እዚሁ አጠገባችን አለ። የሜሪላንድ ጤና መሥሪያ ቤት በ2021 የጀመረው ፕሮግራም ነው። ንጹሕ መርፌ የሚያድሉ ማዕከላት ከተጠቃሚዎች ያገለገለ ፌስታልና ዕቃ ይቀበላሉ። ላዩን ጠርገው ናሙናውን ጌይተርስበርግ ወዳለው የመንግሥት ቤተ ሙከራ ይልካሉ። የሰው ስም የለበትም። ቤተ ሙከራው ውስጡ ያለውን አንድ በአንድ ለይቶ ይመልሳል። ዛይላዚን የሚባለው የእንስሳት ማደንዘዣ ሜሪላንድ ውስጥ ምን ያህል እንደገባ የታወቀው በዚህ መንገድ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ገደማ ከተመረመሩት ኦፒዮይድ (እንደ ፈንታኒልና ሄሮይን ያለ ዕፅ) ካለባቸው ናሙናዎች ወደ 80 በመቶው ውስጥ ተገኝቷል። ናርካን የዛይላዚንን ጉልበት አይሽርም። ቢሆንም ሰው ከወደቀ ናርካኑን መስጠት ነው፣ ፈንታኒሉም አብሮ ሊኖር ይችላልና። 911 መደወል፣ ትንፋሹን መከታተል። በሜሪላንድ ለመርዳት ብሎ የደወለ ሰው፣ ለራሱ የያዘው ዕፅ ስለተገኘበት ብቻ እንዳይታሰርና እንዳይከሰስ የሚከላከል ሕግ አለ። እባካችሁ ይህንን ለልጆቻችሁ ንገሩ። ፖሊስ ፈርተው ጓደኛቸውን ጥለው እንዳይሮጡ።

ሆላንዶች እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ሰው የገዛውን ክኒን ወስዶ የሚያስመረምርበት ቦታ አላቸው። በ2014 መጨረሻ የሱፐርማን ምልክት ያለበት አንድ ክኒን መጣ። ወጣቶች ለጭፈራ የሚወስዱት ኤክስታሲ የሚባለው ዕፅ ነው ተብሎ የሚሸጥ ነው። ሲመረመር ውስጡ ሌላ ገዳይ ኬሚካል ተገኘ። ለሕዝቡ በይፋ አስጠነቀቁ። እንግሊዝ አገር ያኔ እንዲህ ያለ አገልግሎት አልነበረም፤ በገናና በአዲስ ዓመት ሰሞን አራት ሰው በዚያው ክኒን ሞተ። ልጄ ይህንን አንብባ ስትነግረኝ ሌሊቱን ሙሉ ሥራ ቦታ ሲያብሰለስለኝ አደረ። እነዚያ አራቱም እኮ እናት አላቸው።

አሜሪካ ውስጥ በ2022 ብቻ ከ107,000 በላይ ሰው በኦቨርዶዝ፣ ማለትም ዕፅ ከልክ አልፎበት ሞቷል። በ2024 ወደ 80,000 ወርዷል። ወረቀቷ ብቻዋን አወረደችው አልልም። ግን አሁንም 80,000 ለቅሶ ነው። ከእነዚህ ስንቱ በእኛ ቋንቋ «ልቡ ነው» ተብሎ ይሆን?

ጋዜጣችሁን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ወረቀቷና ናርካን በየሰፈራችን የት በነጻ እንደሚገኙ፣ እንዴት እንደሚሠራባቸውም በአማርኛ አትሙልን። ፊት ለፊት ገጽ ላይ ቢሆን ደስ ይለኛል። ሱቁ ውስጥ ጋዜጣው የሚቀመጠው ካሽሩ አጠገብ ስለሆነ፣ ወጣቱም ወረፋ ሲጠብቅ ያየዋል።

ጋሼ፣ እርስዎንም ማግኘት እፈልጋለሁ። የእድራችን ስብሰባ የወሩ መጨረሻ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ነው። የልጄን ሞት ምክንያት ለመጀመሪያ ጊዜ በአደባባይ የምናገረው ያን ዕለት ነው። ሳጥኑን ይዤ እመጣለሁ። አንድ ሲኒና ማንኪያም እይዛለሁ።

አክባሪያችሁ፣
የአንድ ልጅ አክስት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ